ባንሺ 350ን በ4 ሚሊ ስትሮከር ኮሎ መልሶ መገጣጠም

እኔ ያለሁት ላስ ቬጋስ ነው፣ ብርዱ ሲገባ ቅዳሜና እሁዴን ዱሞንት ወይ ግላሚስ አሸዋ ላይ ነው የማሳልፈው። ከዚ በፊት ሁለት የባንሺ ሞተር በስትሮከር ኮሎ (ፒስቶኑን ከፋብሪካው የበለጠ ርቀት የሚያስኬድ ክራንክሻፍት) ሰርቻለው፣ ሶስተኛውን ደግሞ በቅርቡ ከአንድ ወንድማችን ጋር ጨረስን፣ እሱ ሲጠይቀኝ የነበረውን ሁሉ በአማርኛ የሚያስረዳ ስላጣ ነው ይሄን የምፅፈው።

ለማያውቅ ሰው፣ ያማሃ ባንሺ ሁለት ሲሊንደር ያለው በውሃ የሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ ኳድ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1987 እስከ 2006 ሞዴል ተሸጧል፣ ሞተሩ የመጣው አርዜድ 350 ከሚባለው የመንገድ ሞተርሳይክል ነው። ፋብሪካ ሲያወጣው ቦሩ (የሲሊንደሩ ስፋት) 64 ሚሊ ስትሮኩ (ፒስቶኑ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት) 54 ሚሊ ነው፣ የሁለቱ ሲሊንደር ይዘት ሲሰላ 347 ሲሲ ይመጣል። 4 ሚሊ ስትሮከር ኮሎ ስትገጥሙ ስትሮኩ 58 ይሆናል፣ በዛው ቦር 373 ሲሲ ማለት ነው። ሲሲው ብዙም ላይመስል ይችላል ግን አሸዋ ላይ ሽቅብ ስትወጡ ከታች ያለው ጉልበት ልዩነቱ ወዲያው ነው የሚታወቀው፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ መቀነስ ይቀራል።

አሁን ዋናው ነገር። 4 ሚሊ ስትሮክ ጨመርኩ ማለት ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ 2 ሚሊ ከፍ ይላል፣ ታችኛው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ 2 ሚሊ ዝቅ ይላል። ኮሎ ሲሸጥ አብሮት የማይነገራችሁ ነገር በሙሉ ከነዚ 2 ሚሊዎች ነው የሚመጣው። ላይ ያለው 2 ሚሊ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ይነካል፣ ታች ያለው 2 ሚሊ የክራንክ ኬዙንና (ኮሎው የሚቀመጥበትን ቤት) የሲሊንደሩን እጅጌ (የውስጡን ቱቦ) ይነካል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ ፖርቶቹ (ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት የጭስና የቤንዚን ቀዳዳዎች) የሚከፈቱበትን ሰአት ይቀይራሉ። ስለዚ ኮሎውን ከማዘዛችሁ በፊት ላዩን እንዴት እንደምታስተናግዱት ወስኑ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከሲሊንደሩ ስር 2 ሚሊ ስፔሰር አስገብቶ ሲሊንደሩን ማንሳት ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሄን ይመርጣል። ግን ሲሊንደሩን ስታነሱት ፖርቶቹ ሁሉ አብረው 2 ሚሊ ይነሳሉ፣ ጭሱ የሚወጣበትም ቤንዚኑ የሚገባበትም ፖርት ቶሎ ይከፈትና ዘግይቶ ይዘጋል፣ ሞተሩ ላይ ላዩን ብቻ መጮህ ይወዳል ከታች ግን ባዶ ይሆናል። እኛ ስትሮከር የምንፈልገው ከታች ጉልበት እንዲኖረው ነው፣ እንደዚ ከሆነ ያወጣነው ብር ለምን ሆነ ታዲያ። ሁለተኛው መንገድ ሲሊንደሩን ባለበት ትቶ ቴስታታውን መቀየር ነው፣ ማለትም ለ4 ሚሊ ስትሮክ የተቆረጠ ዶም (ቴስታታው ውስጥ ያለው ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ጎድጓዳ ክፍል) መጠቀም፣ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጫፍ 2 ሚሊ ወጥቶ ዶሙ ውስጥ ይገባል። በዚ መንገድም ፖርቶቹ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ፖርቶቹ ያሉት ከስትሮኩ አጋማሽ በታች ስለሆነና ፒስቶኑ አሁን ቶሎ ስለሚደርስባቸው ነው፣ ግን ልዩነቱ ከስፔሰሩ ጋር አይወዳደርም። እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፣ ተቀያያሪ ዶም ያለው ቴስታታ ግዙና ዶሙን ለ4 ሚሊ ብላችሁ እዘዙ። ዶሙ ላይ የሚፃፈው ሲሲ ባነሰ ቁጥር ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል፣ ማደያ የሚሸጠውን 91 ኦክቴን የምትቀዱ ከሆነ ትልቁን ሲሲ ምረጡ፣ ትንሹ የሬስ ቤንዚን ለሚቀዳ ሰው ነው።

ኮሎውንና ፒስቶኑን የሚያገናኘው የሮዱ ነገርም አለ። ኮሎው በ110 ሚሊ ሮድ ወይም በ115 ሚሊ ረጅም ሮድ ይመጣል። ረጅሙ ሮድ ፒስቶኑን ወደ ግድግዳ የሚገፋበት አንግል ስለሚቀንስ ፒስቶኑም ሲሊንደሩም ይቆይላችኋል፣ ግን ስፒናው (ፒስቶኑን ከሮዱ ጋር የሚያይዘው ፒን) 5 ሚሊ ወደ ላይ የተጠጋ ፒስቶን ይፈልጋል። የ115 ሮድ ላይ የ110ን ፒስቶን ብትጭኑ ፒስቶኑ 5 ሚሊ ይወጣል፣ ቴስታታ አይገጥምም። ኮሎና ፒስቶን ከተለያየ ሰው የምትገዙ ከሆነ ሁለቱም ጋ ደውላችሁ የሮዱን ርዝመት ጠይቁ።

ስትፈቱ ፍላይዊሉን በመዶሻ አትምቱ፣ የራሱ ፑለር አለው፣ ርካሽ ነው። የባንሺ ክራንክ ኬዝ የሚከፈተው በአግድም ነው፣ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ፣ ስለዚ ሞተሩን ገልብጣችሁ ታችኛውን ነው የምታነሱት። ቡሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ የኬዙን ቅርፅ ስላችሁ እያንዳንዱን በቦታው ሰኩት። የማርሹን ኩሽኔታዎችም በዚው አጋጣሚ በእጅ እያዞራችሁ እዩ፣ የሚንኮሻኮሽ ካለ አሁን ነው የሚቀየረው።

አዲሱን ኮሎ ከካርቶኑ አውጥቶ ዝም ብሎ መግጠም የለም። ይሄ ኮሎ በፕሬስ ተገጣጥሞ የሚሰራ ስለሆነ በመንገድ ላይ ከወደቀ ሊጣመም ይችላል። ቪ ብሎክ ላይ አስቀምጣችሁ በዳያል ጌጅ ለኩት፣ ከ0.05 ሚሊ በላይ ካወዛወዘ መልሱት ወይም ቀጥ የሚያደርግ ሰው ጋ ውሰዱት። የኮሎውን ክፍሎች የሚያያይዙት ፒኖች የተበየዱ ቢሆን ይመረጣል፣ አሸዋ ላይ ጎማው ሲይዝና ሲለቅ ኮሎው ራሱ ላይ ሊጠማዘዝ ይችላልና።

ከዛ ሙጫ ሳትቀቡ ኮሎውን በላይኛው ግማሽ ኬዝ ላይ አስቀምጡት። ኩሽኔታዎቹ ላይ ትንንሽ ፒኖች አሉ፣ እያንዳንዱ በኬዙ ላይ የራሱ ጉድጓድ አለው፣ ሁሉም መግባቱን በጣታችሁ ዳስሱ። እኔ የመጀመሪያው ሞተሬ ላይ አንዷ ፒን አልገባችም ነበር፣ ኬዙ ትንሽ ክፍተት ሲያሳይ ቡሎን ባጠብቀው ይዘጋል ብዬ አጠበቅኩት፣ ኬዙ ተሰነጠቀ፣ ሌላ ኬዝ ፈልጌ ለመግዛት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ኬዙ በእጅ ግፊት ብቻ ነው መዘጋት ያለበት፣ ካልተዘጋ የሆነ ነገር ቦታው ላይ አይደለም ማለት ነው።

ኮሎው ከተቀመጠ በኋላ በእጅ ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት። የሮዱ ትልቁ ጫፍ አሁን 2 ሚሊ ሰፋ አድርጎ ነው የሚዞረው፣ አንዳንድ ኬዝ ላይ ይነካል። የሚነካበትን በማርከር ቀብታችሁ እዩ፣ ቢያንስ 1 ሚሊ ክፍተት እስኪኖር ድረስ በትንሽ ግራይንደር አንሱለት፣ ቀስ እያላችሁ፣ አልሙኒየሙ ቀጭን ነው። ሲሊንደርና ፒስቶን ለሙከራ ጭናችሁ ደግሞ ታችኛው ጫፍ ላይ የፒስቶኑ ቀሚስ የኮሎውን ክብ እንዳይነካ፣ ሮዱም የእጅጌውን ጫፍ እንዳይነካ ተመልከቱ። ሞርዳችሁ ከጨረሳችሁ ኬዙን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ በአየር ንፉት፣ እንደገና እጠቡት። አንዲት የአልሙኒየም ፍርፋሪ አዲስ ኩሽኔታ ለመግደል ትበቃለች።

ሲሊንደሩን የሚቦር ሰው ጋ ስትወስዱ ፒስቶኖቹን አብራችሁ ስጡት። ፎርጅድ ፒስቶን ሲሞቅ ከካስቱ የበለጠ ይሰፋል፣ ክፍተቱ የፒስቶኑ ወረቀት ላይ የተፃፈው እንጂ የያማሃ ማንዋል ላይ ያለው አይደለም። የፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) ጫፍ ክፍተትም ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ከታችሁ በፊለር ጌጅ ለኩ።

ቴስታታ ከመዝጋታችሁ በፊት ስኩዊሽ የሚባለውን መለካት ግዴታ ነው፣ ማለትም ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ በጠርዙና በዶሙ መሀል የሚቀረውን ክፍተት። የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ሊድ ወፈር ያለውን ቁረጡና በስፒናው አቅጣጫ ግራና ቀኝ በግሪስ ፒስቶኑ ላይ ለጥፉት፣ በሌላ አቅጣጫ ካደረጋችሁት ፒስቶኑ ይንጋደድና ልኬቱ ይዋሻል። ቴስታታውን በልኩ አጥብቁ፣ ኮሎውን በእጅ አሳልፉት፣ ፈታችሁ የተጨፈለቀውን ሊድ በካሊፐር ለኩ። ለማደያ ቤንዚን ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊ መሀል ሲሆን ደስ ይለኛል። ሁለቱንም ሲሊንደር ለኩ፣ አንዱ ጥሩ ስለሆነ ሌላውም ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ሙጫ ተቀብቶ ሁሉም ከተዘጋ በኋላ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ሊክ ቴስት አድርጉ። የጭስ መውጫውንና ካርቡራተር የሚገባበትን ድፈኑና 6 ፒኤስአይ አየር ንፉበት፣ 6 ደቂቃ መያዝ አለበት። የሚወርድ ከሆነ በሳሙና አረፋ ፈልጉት፣ ብዙ ጊዜ የኮሎው ጫፍ ላይ ያሉት ሲሎች ናቸው። ቱ ስትሮክ ኬዙ አየር ከሳበ ቤንዚኑ ይሳሳል (ከአየሩ አንፃር ያንሳል)፣ ሲሳሳ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ አዲሱ ፒስቶን በ10 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። ይሄን ቴስት የሚዘል ሰው ጋ ሞተር አልሰራም።

ካርቡራተር ላይ የድሮው ጄት (የሚያልፈውን ቤንዚን የሚወስነው ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) ይበቃል ብላችሁ አታስቡ። ፋብሪካው የሚያወጣው 200 ሜን ጄት ነው፣ ሲሲ ስለጨመራችሁ ከዛ ከፍ ማለት አለበት፣ ማርሚታና ፊልተር ከቀየራችሁ ደግሞ ይበልጥ። ሁልጊዜ ከወፍራሙ ጀምራችሁ ካንዴላ እያያችሁ ቀንሱ። እዚ ቬጋስ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ግላሚስ ወደ 100 ሜትር ነው፣ ቬጋስ ላይ ልክ የነበረው ጄት እዛ ስትወርዱ ቀጭን ይሆናል (ቤንዚኑ ያንሳል)፣ በተለይ ጠዋት ብርድ ላይ። እኔ ለግላሚስ የራሱ ጄት በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ኮፈኑ ስር አስሬ ነው የምሄደው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱት ቤንዚንና ዘይቱን 32 ለ 1 ቀላቅሉ። ራዲያተሩ እስኪሞቅ ድረስ ጋዝ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አቆዩት፣ አጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ እንደዚ ሶስት ጊዜ። ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ዳዶዎች እንደገና በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። ከዛ አንድ ታንክ ሙሉ ጋዙን እስከመጨረሻ ሳትከፍቱ ንዱት፣ ታንኩ ሲያልቅ ሁለቱንም ካንዴላ አውጡና ቀለማቸውን ጎን ለጎን አስተያዩ፣ አንደኛው ከሌላው ከነጣ የዛን ጎን ካርቡራተርና ሲል ተመልከቱ።