ከምርመራ የሚያስመልስ የፊት መብራት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ወገናችን አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ሌሊት ነው። የመኪናዬ መብራት ደከመ ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም። በኢንተርኔት የሚሸጠው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ ርካሽ ነው፣ በደቂቃዎች ይገጠማል፣ ማስታወቂያውም «ሦስት እጥፍ ብርሃን» ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከተገጠመ በኋላ ነው። የአሜሪካ ሕግ የሚመዝነው አምፖሉን ለብቻው ሳይሆን አምፖሉ፣ አንጸባራቂውና ሽፋኑ አብረው የሚሰጡትን ብርሃን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚመነጩ ናቸው።

ምርመራ ጣቢያው መኪናዬን መለሰው

ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ያልፋል፤ ካለፈ በፊት መስታወቱ ላይ በአገራችን ቦሎ የምንለውን የመሰለ ተለጣፊ ያገኛል። ካላለፈ ግን ሌላ ተለጣፊ ተለጥፎበት ጉድለቱን እንዲያስተካክል 15 ቀን ይሰጠዋል። ሜሪላንድ ምርመራውን በዋናነት የምትጠይቀው ያገለገለ መኪና ሲሸጥና ስም ሲዛወር ነው። ዲሲ ለግል መኪና እንዲህ ያለ የደህንነት ምርመራ የላትም፤ ይህ ግን ፖሊስ አያስቆምም ማለት አይደለም።

ምክንያቱን ለማግኘት መጀመሪያ የመብራቱን ሽፋን ይመልከቱ። ፕላስቲኩ ላይ በትንንሽ ፊደል «ዲኦቲ» (DOT፣ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል) የሚል ምልክትና ኤች11፣ 9005 ወይም ኤች4ን የመሰለ የአምፖል ዓይነት ተጽፎ ያገኛሉ። ያ ጽሑፍ መብራቱ በየትኛው አምፖል ተፈትኖ መስፈርቱን እንዳሟላ የሚናገር ነው። ሽፋኑ ኤች11 እያለ ውስጡ ኤልኢዲ ወይም ዜነን (በጋዝ የሚሠራ አምፖል) ከተገኘ መብራቱ የተፈተነው መብራት መሆኑ ቀርቷል።

መስፈርቱ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደህንነት መስፈርት ቁጥር 108 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን የሚያስፈጽመው የብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ነው። ተቀያሪ አምፖል በሚወስዱ የፊት መብራቶች ውስጥ መግባት የሚችሉት መጠናቸውና ቅርጻቸው በመንግሥት መዝገብ የገባ የአምፖል ዓይነቶች ብቻ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በተደጋጋሚ በሰጠው ማብራሪያ በሃሎጅን (ክር ባለው በተለመደው አምፖል) ፋንታ የሚገባ የኤልኢዲ አምፖል በዚህ መዝገብ እንደሌለ ገልጿል።

መፍትሄው አሰልቺ ነው፦ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ሃሎጅን ገዝቶ መመለስ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱ ከደከመ ሌላውም ሩቅ አይሄድም። የሃሎጅኑን ብርጭቆ በባዶ እጅ አይንኩት፤ የጣት ቅባት ያረፈበት ቦታ ከመጠን በላይ ግሎ አምፖሉን ቶሎ ያቃጥለዋል።

ሳጥኑ ላይ «ዲኦቲ» ተጽፏል፣ ታዲያ ለምን ተከለከልኩ?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። «ዲኦቲ» የሚለው ምልክት መንግሥት መርምሮ የሚሰጠው ማኅተም አይደለም። በአሜሪካ አሠራር አምራቹ ራሱ «ምርቴ መስፈርቱን ያሟላል» ብሎ ያረጋግጣል፤ መንግሥት ምርቱን አስቀድሞ አያጸድቅም። ስለዚህ ካርቶን ላይ ሦስት ፊደል ማተም ለማንም ቀላል ነው። የዚያኑ ሳጥን ጀርባ ቢያገላብጡት ብዙ ጊዜ «ከመንገድ ውጭ ለመጠቀም ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ሻጩ ፊት ለፊት በትልቁ ያሞገሰውን ከኋላ በትንሹ ክዷል ማለት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የማምነው የኋላውን ነው።

ገንዘብዎን ማስመለስ የሚችሉበት ጊዜ ካላለፈ ይመልሱት። ካለፈም እቃው መጋዘን ይቀመጥ እንጂ መኪናው ላይ አይቆይ።

ጋራዡ አልገጥምልህም አለኝ

መካኒኩ ሥራ ጠልቶ አይደለም። የፌዴራል ሕግ አምራችን፣ አከፋፋይን፣ የመኪና ሻጭንና የጥገና ድርጅትን የመኪናውን የደህንነት መሣሪያ እያወቁ ከመስፈርቱ ውጭ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ይህ ክልከላ ባለቤቱ በገዛ መኪናው ላይ በገዛ እጁ የሚሠራውን አይጨምርም። «እንግዲያውስ እቤቴ ብገጥመው ሕጋዊ ነው» የሚለው ወሬ የመጣውም ከዚህ ነው። ግን ግማሽ እውነት ነው፤ መንገድ ላይ የወጣውን መኪና የሚገዛው የክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው፣ ቅጣቱም የሚጻፈው በሾፌሩ ስም ነው።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ተጨማሪ አለባችሁ፦ የግዛቲቱ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 26101 የመብራትን የመጀመሪያ ንድፍ ለመለወጥ የታሰበ መሣሪያ መስፈርቱን ካላሟላ በስተቀር መሸጥንም መጠቀምንም ይከለክላል።

ከፊት የሚመጡት ሁሉ ረጅም መብራት ያበሩብኛል

አጭር መብራት ላይ ሆነው ሌሎች ረጅሙን እያበሩ ከመለሱልዎ ሰዎቹ እየነገሩዎት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ያው አምፖሉ ነው። የሃሎጅን ብርሃን የሚወጣው ከአንዲት ቀጭን ክር ነው፤ የአንጸባራቂው እያንዳንዱ እጥፋት የተሰላውም ያቺ ክር ካለችበት ነጥብ ተነስቶ ነው። የዜነን ብርሃን የሚመነጨው በጋዝ ውስጥ ከሚፈጠር ቅስት ነው፤ ኤልኢዲው ደግሞ ከአንድ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ላይ ከተለጠፉ ቁርጥራጮች። ምንጩን ከቦታው ቢያዛውሩት ቦዩ ባዶ ይቀርና ውሃው የጎረቤት ማሳ እንደሚያጥለቀልቀው፣ ብርሃኑም ከመንገዱ ይቀርና የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። የደህንነት አስተዳደሩ በአንድ ምርመራው ላይ ሃሎጅንን ወደ ዜነን የሚቀይር መሣሪያ የተገጠመለት መብራት ከተፈቀደው ከፍተኛ የብርሃን መጠን ከ800 በመቶ በላይ አልፎ አግኝቷል።

ሁለተኛው ምክንያት አቅጣጫ ነው፤ ትክክለኛ አምፖል ያለው መኪናም በዚህ ይወድቃል። ወደ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አራት ትልልቅ ሻንጣና ሦስት መንገደኛ ጭኖ የሚሄድ መኪና ኋላው ወርዶ አፍንጫው ይነሳል፤ መብራቱም አብሮ ይነሳል። የተለወጠ ሱስታና የጎማ መጠንም እንደዚሁ ያደርጋል።

አቅጣጫውን ለማየት ጋራዥ አያስፈልግም። መሬቱ የተስተካከለ ቦታ ላይ ከግድግዳ 25 ጫማ (7.6 ሜትር ገደማ) ራቅ አድርገው ያቁሙ። የጎማው ነፋስ ትክክል ይሁን፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ። የመብራቱን መሐል ከመሬት ለክተው ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ያመልክቱ፤ ከዚያ አጭሩን መብራት ያብሩ። ሽፋኑ ላይ «ቪኦአር» (VOR) የሚል ካለ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በቀኝ በኩል ፕላስተሩ ላይ ማረፍ አለበት። «ቪኦኤል» (VOL) ካለ በግራ በኩል ያለው ጠርዝ 2 ኢንች ያህል፣ ማለትም አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ዝቅ ይላል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ልክ ከሰጠ መጽሐፉን ይከተሉ። ማስተካከያው ብሎን ከመብራቱ ጀርባ ይገኛል፤ በትንሽ በትንሹ ያዙሩት።

አምፖሉ አዲስ ነው፣ መንገዱ ግን አይታየኝም

ወደ ኤልኢዲ የሚሮጠው ሰው አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ቅሬታ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ሽፋኑን በጣትዎ ዳሰስ ያድርጉት። ከሻከረ፣ ከደፈረሰ ወይም ቢጫ ከሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ፀሐይ እያገኘው መከላከያ ቅባቱ ይላጣል። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት የተበላሸ ሽፋን ያለው መብራት አዲሱ ከሚሰጠው ብርሃን 22 በመቶውን ብቻ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ሽፋኑን አሽቶ ማደስ ብርሃኑን ወደ 70 በመቶ ገደማ መልሶታል።

ስለዚህ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት የማደሻ እቃ ይግዙ። በውሃ እየነከሩ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ወረቀት ይሹት፤ በመጨረሻ ከፀሐይ የሚከላከለውን ቅባት መቀባት አይርሱ፤ ካልቀቡት በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደፈርሳል። የጥርስ ሳሙና የሚለውን ምክር ይተዉት፤ ለጥቂት ሳምንት ያምራል እንጂ መከላከያ አይተካም።

ኤልኢዲ ገጥመው «አሁን ደህና አየሁ» የሚሉ ሰዎች አይዋሹም፤ ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት በእርግጥ ደምቋል። ነገር ግን ቅርቡ ሲደምቅ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ አጋዘኗ የምትቆምበት ሩቁ መንገድ ይጨልማል።

አንዳንድ መኪና ደግሞ ከፋብሪካው ጀምሮ መብራቱ ደካማ ነው። የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 መካከለኛ መጠን ያላቸውን 31 መኪኖች ሲፈትን «ጥሩ» የተባለው አንድ ብቻ ነበር። ለእንዲህ ያለው መኪና በሕግ የሚፈቀደው መንገድ መላውን መብራት መቀየር ነው፦ የዚያው ሞዴል ከፍ ያለ ደረጃ ከፋብሪካው በኤልኢዲ ከወጣ የእሱን ሙሉ መብራት ከነሽቦው ማስገጠም፣ ወይም «ዲኦቲ» ሽፋኑ ላይ የታተመበትና ካፓ የተባለው የመለዋወጫ ማረጋገጫ ማኅበር ምልክት ያለበትን መግዛት። ውድ ነው፤ ግን ከኤልኢዲ አምፖሉ በተለየ እንደ አንድ መብራት የተፈተነ ነው።

ጥቃቅኖቹ

ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ካደላ አምፖሉ 6000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ነጭ ይላል፤ ሰማያዊ የሚመስል የፊት መብራት ፖሊስን መጥራት ነው። ብርሃኑ የሚያርገበግብ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ «አምፖል ተቃጥሏል» የሚል የሚበራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መኪናው የጠበቀው 55 ዋት መሆኑና አዲሱ አምፖል ያነሰ መውሰዱ ነው፤ ሬዲዮው የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ የኤልኢዲው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል የሚያወጣው ሞገድ ነው። ገበያ ላይ አምፖሉ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚወስድ የሚያስመስል ማታለያ ሬዚስተር ይሸጣል፤ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋዋል፣ ሕጉን ግን አያጠፋም።

ጀርመን ላላችሁ

እዚያ ሁኔታው ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አምፖል አምራቹ ኦስራም ለመንገድ የተፈቀደ የኤልኢዲ ምትክ አምፖል አውጥቷል፤ ነገር ግን የሚፈቀደው በዝርዝሩ ውስጥ ለተጠቀሱት የመኪና ሞዴሎችና መብራቶች ብቻ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ዝርዝሩን ያመሳክሩ፣ ፈቃዱን አትመው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። ያንኑ አምፖል በፖስታ ለአሜሪካ ዘመድ መላክ ግን ምንም አይጠቅመውም፤ የአውሮፓው ፈቃድ ውቅያኖስ አይሻገርም።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው

ከመክፈልዎ በፊት ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የአምፖል ዓይነት ያንብቡና ከጀርባው ይመልከቱ፤ ትንሽ ፋን ወይም ተጨማሪ የሽቦ ሳጥን ተንጠልጥሎ ካዩ ተቀይሯል። ሜሪላንድ ከሆኑ ለምርመራው የሚሄደው ማን እንደሆነና የመመለሻውን ወጪ ማን እንደሚችል ከሻጩ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ዋናዎቹን አምፖሎች አስቀምጦ ከሆነም ስሙ ከመዛወሩ በፊት ይቀበሉት።