ወደ ባሕር የሚጠልቁ የሐዋሳ ልጆች ኮራል ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ውሃ አይፈራም። ጅቡቲ፣ ዛንዚባር ወይም ሁርጋዳ የሄደ የሐዋሳ ልጅ አሸዋ ላይ ተቀምጦ መመለስ የማይሆንለትም ለዚህ ነው፤ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ኮራሉን በዓይኑ ማየት ያምረዋል። ደግ አደረገ። ግን ሐይቃችን ውስጥ ሳናስብ የምናደርጋቸው አንዳንድ ነገሮች ኮራል ላይ ሲደረጉ ለዓመታት የማይሽር ጉዳት ያደርሳሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ኮራልን ድንጋይ ነው ብሎ መንካት ነው። ሌሎቹም የሚወለዱት ከዚህ ነው። ኮራል እንስሳ ነው፤ የጄሊፊሽ ዘመድ። እልፍ ጥቃቅን ፍጥረታት ከሥራቸው ጠንካራ የኖራ አጽም እየሠሩ ተያይዘው ይኖራሉ። ከላይ ያለው ሕያው ሥጋ በጣም ስስ ነው፤ የሚከላከልለትም የሚያሟልጭ ልጋጉ ነው። በጣት ሲዳሰስ ልጋጉ ይነሣል፣ ሥጋው ይፋቃል፣ በሽታም መግቢያ ያገኛል። ድቡልቡሎቹ ዓይነቶች በአብዛኛው በዓመት ከ2 ሴንቲሜትር በላይ አያድጉም፤ ብዙዎቹ 1 እንኳ አይሞሉም። ደረትዎ ድረስ የሚደርስ አንድ ኮራል ሐዋሳ ከመቆርቆሯ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል።

ሲደክም መቆም ሁለተኛው ነው። ሐይቃችን ዳር እግር ሲወርድ የሚያገኘው ጭቃና ቄጠማ ነው። መነጽር ውሃ ሲያስገባ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ የሚመጣልንም መቆም ነው። ኮራል ባለበት ግን ወደ አሸዋማው ቦታ ዞር ይበሉ፤ የአየር ጃኬትዎን (ከሲሊንደሩ አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈውን ልብስ) በጥቂቱ ይንፉ፤ ለመሪዎ በእጅ ምልክት ይስጡ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ እንዲታሰብበት የምፈልገው የእርሳስ፣ ማለትም ጠላቂ ለመስመጥ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው የብረት ክብደት፣ ጉዳይ ነው። ጨዋማ ውሃ ከጨው አልባው ይልቅ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። በመዋኛ ገንዳ የተለማመደ ጠላቂ ቀይ ባሕር ሲገባ ወገቡ ላይ 2 ወይም 3 ኪሎ እርሳስ መጨመር ሊያስፈልገው ይችላል። ጀማሪው ግን አልሰምጥ እንዳይል ፈርቶ ከሚገባው በላይ ይታጠቃል። ያኔ ወገቡ ይወርዳል፣ ሰውነቱ ያዘነብላል፣ የእግሩ መቅዘፊያ ከኋላው፣ እሱ በማያየው በኩል ኮራሉን ይመታል። ጠላቂዎች ከኮራል ጋር ከሚጋጩባቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው የእግር መቅዘፊያ ነው። የሚነሣው አሸዋም ኮራሉ ላይ ያርፋል፤ ብርሃን ይጋርዳል፣ ለማራገፍም ጉልበቱን ያስጨርሰዋል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጃኬቱን አየር አልባ አድርገው፣ እግርዎ መሬት ሳይነካ በመደበኛ ትንፋሽ ቀጥ ብለው ሲንሳፈፉ ውሃው ዓይንዎ ላይ ከደረሰ ልክ ነው። በመጨረሻ አየሩ ሲጎድል ሲሊንደሩ 2 ኪሎ ገደማ እንደሚቀል ግን ያስቡበት። ከታች ሲቀዝፉ ጉልበትዎን አጥፈው እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ይግፉ እንጂ እግርዎን ወደ ላይና ወደ ታች አያራግቡ።

ካሜራ ለጀማሪ አይሆንም። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ስለሚቀር ሰውነቱን ይረሳል፤ ካሜራ የያዙ ጠላቂዎች ኮራልን ደጋግመው እንደሚነኩ በጥናት ታይቷል። መጀመሪያ ሳይነኩ መንሳፈፍን ይልመዱ፤ ፎቶው ይደርሳል።

ጀልባ ላይ ማብራሪያ ሲሰጥ ስልክ መነካካትም ቀላል ጥፋት አይደለም። በግብፅ ራስ መሐመድ ብሔራዊ ፓርክ ተሠርቶ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ስለ ኮራል ምንነት ገለጻና ልምምድ ያገኙ ጠላቂዎች ኮራል የሚነኩበት ብዛት ወደ ሲሶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ጥቂት ደቂቃ ማዳመጥ ይህን ያህል ይሠራል!

በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ለአባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ መወርወር የለመደ እጅ ባሕር ውስጥም ዳቦ መበተን ይከጅለዋል። እባክዎ ይተዉት። ፓሮትፊሽን የመሰሉ ዓሦች ሥራቸው ኮራሉን ሊሸፍነው የሚችለውን አልጌ መጋጥ ነው፤ ዳቦ ከለመዱ ግጦሹን ይተዋሉ።

ጓንት ደፋር ያደርጋል፤ በግብፅ የቀይ ባሕር ጥብቅ ሥፍራዎች የተከለከለውም ለዚህ ነው። የአየር መለኪያውንና ትርፍ መተንፈሻውን ተንጠልጥለው ኮራሉን እንዳይመቱ ደረትዎ ላይ ያስሩ። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ከመቀባት እጅጌ ረጅም የዋና ልብስ ይሻላል፤ ሃዋይ ኮራልን ይጎዳሉ ብላ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች ያለባቸው ሰንስክሪኖች እንዳይሸጡ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች። ለዘመድ ማስታወሻ ብለው የኮራል ስባሪ አይግዙ፤ ገዢ ካለ ሰባሪ አይጠፋም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ጀልባው የት እንደሚታሰር ይጠይቁ። ባሕሩ ወለል ላይ ከተተከለ ቋሚ ማሰሪያ ጋር ከሆነ መልካም። መልህቁን ኮራሉ ላይ የሚጥል ከሆነ ግን እርስዎ ምንም ቢጠነቀቁ ሰንሰለቱ እየተጎተተ ያገኘውን ሁሉ ይሰብራል፤ ሌላ ጀልባ ይፈልጉ።