ማክሮ ስትጽፉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ የጻፈውን የኤክሴል ማክሮ (ኤክሴል ሥራውን በራሱ እንዲሠራ የሚጻፍ ትእዛዝ) እንዳየለት ላከልኝ። ገና አናቱ ላይ "ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት" ይላል። ስንቴ እንዳየሁት! ይህች ትእዛዝ ስህተቱን አታስተካክልም። "ምንም ቢፈጠር ዝም ብለህ እለፍ" ነው የምትለው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለየሠራተኛው የደመወዝ ዝርዝሩን በኢሜይል የሚልክ ማክሮ ጻፍኩ። ኤክሴል ስሙን ይሰጣል፣ ወርድ ወረቀቱን ያዘጋጃል፣ አውትሉክ ይልካል። የአንዲት ሠራተኛ መለያ ቁጥር ተፈልጎ ታጣ። ማክሮው መቆም ነበረበት፤ አልቆመም። ቫሪያብሉ (ማክሮው መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) ውስጥ የቀደመው ሰው ፋይል ስም እንዳለ ስለቀረ፣ የእሱን ደመወዝ ለእሷ ላከላት። ሁለቱም ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እባካችሁ፣ ስህተት ሲመጣ ይቁም። ማክሮው ሲቆም ቢጫ ተቀብቶ የሚታየውን የኮድ መስመር አትፍሩት፤ ችግሩ የት እንዳለ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ኢሜይል ከሆነ ደግሞ በ"ሴንድ" (ላክ) ፈንታ "ዲስፕሌይ" (አሳይ) በሉት። በዓይናችሁ አይታችሁ ራሳችሁ ላኩት።

ዋናው ፋይል ላይ አትሞክሩ። ማክሮ ያበላሸውን ኮንትሮል ዜድ አይመልሰውም። መጀመሪያ ኮፒ።

የረድፍ መቁጠሪያውን ቫሪያብል ዓይነት "ኢንቲጀር" አትበሉት። ከ32,767 ማለፍ አይችልም፤ የኤክሴል ገጽ ግን 1,048,576 ረድፍ አለው። ትልልቅ ቁጥር የሚይዘውን "ሎንግ" በሉት።

አማርኛ ኮዱ ውስጥ ስትጽፉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይደረደርባችኋል። ፎንት ስትጭኑ አትዋሉ፤ ችግሩ ፎንት አይደለም። የቪቢኤ (የማክሮው ቋንቋ) መጻፊያ ዩኒኮድ (አማርኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላት የሚጻፉበት ሥርዓት) አይቀበልም። ጽሑፉን አንድ ሴል ላይ አስቀምጡትና ማክሮው ከዚያ ያንብበው።

የእኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን አትጻፉ። ኮምፒውተራችሁ ቀንን የሚያስቀድም ከሆነ፣ የካቲት 30 ለማለት 30/6/2016 ስትሉ ኤክሴል ጁን 30 ብሎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብትሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ የሆነ አምድ ላይ ማክሮው ሲያጣራ ጽሑፍ የሆኑትን ይዘላቸዋል፤ ድምሩም ይጎድላል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት አምድ ለያይታችሁ ጻፉ።