ጆሮን የማያሳምም ሄድፎን አመራረጥ

ሥራዬ የተቀዳ ድምፅ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ቃለ መጠይቅ ይመጣል፣ ስብሰባ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት የፈጀ ክርክር። በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ነው፤ ሥራ ስጨርስም ሙዚቃ የምሰማው በዚያው ነው። መነጽር አደርጋለሁ፤ ጆሮዎቼም ወጣ ያሉ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ለእኔ የተመቸኝ ሄድፎን ለእናንተ ላይመች የሚችለው በእነዚህ ነገሮች የተነሳ ስለሆነ ነው።

በገንዘቤ የገዛሁትን የመጀመሪያ ሄድፎን የሞከርኩት ለሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ድምፁ ልቤን ወሰደው። ቤት ገብቼ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሰዓት ከጆሮዬ በላይ፣ የመነጽሬ ዘንግ በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ አንድ ሰው አጥንቴን በጣቱ ተጭኖ የያዘኝ ያህል ያመኝ ጀመር። ሳምንቱ ሳያልቅ ራስ ምታቱ ገና ሥራ ሳልጀምር ይመጣ ነበር። ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው ቆንጆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሄድፎን ስመርጥ ድምፁን የምፈትሸው ከሁሉም በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ጆሮ ላይ የሚያርፍ አለ፤ ጆሮን ከብቦ ራስ ላይ የሚያርፍ አለ። የመጀመሪያው ትንሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ክብደቱና ጭምቀቱ በሙሉ የጆሮን ለስላሳ አጥንት ይጫናል። ለግማሽ ሰዓት መንገድ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ለሚሰማ ሰው የምመክረው ሁለተኛውን ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም ሁሉ ስለ እሱ ነው።

ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ማስመሪያ ይዛችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። የጆሯችሁን ቁመት ከላይኛው ጠርዝ ጌጥ እስከሚንጠለጠልበት ለስላሳ ጫፍ ድረስ ለኩ፤ ከዚያ ስፋቱን። ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ልክ ነው፤ ጆሯችሁ ከራሳችሁ ምን ያህል ይርቃል? ማስመሪያውን ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ላይ አስደግፋችሁ እስከ ጆሮው ውጫዊ ጠርዝ ያለውን አንብቡ። የእኔ ጆሮ ቁመቱ 6.5፣ ስፋቱ 3.5፣ ርቀቱ ደግሞ 2.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለቱንም ጆሮ ለኩ፤ የእኔ ቀኝ ከግራው በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያል።

እነዚህን ቁጥሮች የምታስተያዩት ጆሮን ከሚከብበው ስፖንጅ ውስጠኛ ቀዳዳ ጋር ነው። ከውጭ ሰፊ የሚመስለው ሄድፎን ስፖንጁ ስለወፈረ ብቻ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሚል ብታነቡ ያ ድምፁን የሚያወጣው የስፒከሩ ስፋት ነው፤ ለጆሮ ስለተተወው ቦታ ምንም አይነግራችሁም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁ።

ከስፋቱ ይልቅ ያሰቃየኝ ጥልቀቱ ነው። ጆሮ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ጠርዙ ግን ውስጥ ስፒከሩን የሸፈነውን ጨርቅ ሊነካ ይችላል። ሲነካ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፤ ልብስ የነካችሁ ያህል ብቻ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያ ነጥብ መቃጠል ይጀምራል። ለመፈተሽ ሄድፎኑን አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ራሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ጆሯችሁ ውስጥ ከአንዳች ነገር ጋር ሲታከክ ከተሰማችሁ ያ ሄድፎን የእናንተ አይደለም። ስፖንጁን በጣታችሁ ጫን ብላችሁም እዩት። ቶሎ የሚሟሽሽ ከሆነ ዛሬ ያለው ጥልቀት ከጥቂት ወራት በኋላ አይኖርም።

ጭምቀቱ ልከኛ መሆን አለበት። ጎንበስ ብላችሁ የጫማ ክር እንደምታስሩ ሁኑ። ከተንሸራተተ ላልቷል። ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ደግሞ መንገጭላ የሚጋጠምበትን፣ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ አዳምጡት፤ እዚያ ላይ ግፊት ካለ ጠብቋል። አዲስ ሄድፎን ትንሽ ቢጠብቅ ተስፋ አትቁረጡ። አናት ላይ የሚያልፈው ቅስት ብረት ከሆነ ከራሳችሁ በትንሹ የሰፋ የመጻሕፍት ቁልል ላይ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ በሦስት አራት ቀን ይለዝባል። ቅስቱ ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ግን ሊሰነጠቅ ስለሚችል አትሞክሩት።

ክብደቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ አምራቾች ይጽፉታል። የሶኒ ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም5 250 ግራም ያህል ነው፣ የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 260፣ የአፕል የመጀመሪያው ኤርፖድስ ማክስ 385 ገደማ። እኔ ከ280 ግራም በላይ ሲሆን ከቀትር በኋላ አንገቴ ይነግረኛል። ሆኖም ግራሙ የት እንዳረፈም ይወስናል። አናት መሃል ላይ ጠባብ ቅስት ካረፈ 240 ግራም እንኳ አንድ ነጥብ ላይ ይበሳል። እንደ ኤኬጂ ኬ240 ያሉት ከቅስቱ ሥር ሰፋ ያለ የተንጠለጠለ ማሰሪያ አላቸው፤ ማሰሪያው አናትን ተከትሎ ስለሚታጠፍ ክብደቱን ያከፋፍለዋል። ጸጉሩን ወደ ላይ ሰብስቦ የሚይዝ ሰው ጸጉሩን እንደ ወትሮው ሠርቶ ይሞክር፤ የጆሮ ጌጥ የምታደርጉም ጌጡን ሳታወልቁ።

ስለ መነጽር ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ መመሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋልና። የመነጽሩ ዘንግ ስፖንጁን ከራስ ያላቅቀዋል፤ በዚያች ክፍተት አየር ይወጣል፤ አየሩ ሲወጣ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መነጽር የሚያደርግ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ያመዋል፣ ድምፁም ይሳሳበታል። መፈተሻው ይህ ነው፤ ቤዝ ያለው ነገር እየሰማችሁ መነጽራችሁን በቀስታ አውጡት። ድምፁ በድንገት ከወፈረ ስፖንጁ ዘንጉን ማቀፍ አልቻለም ማለት ነው። ጥሩው ስፖንጅ ለስላሳና ቀስ ብሎ የሚነሳ፣ በዘንጉ ዙሪያ የሚቀረጽ ነው። እኔ በኋላ ላይ መነጽሬን ራሱን ቀየርኩ፤ ወፍራሙን የፕላስቲክ ዘንግ ትቼ ቀጭን ብረት አደረግሁ። ሄድፎን ከመቀየር የበለጠ የረዳኝ እሱ ነው።

የስፖንጁ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው ወይም እንደ ከፈይ የለሰለሰ ጨርቅ። ቆዳው ድምፅን በደንብ ያፍናል፤ ግን ያልባል፣ ውሎ አድሮም እየተላጠ ጥቁር ፍርፋሪው አንገት ላይ ይቀራል። ጨርቁ ይተነፍሳል፤ ቤዝ በጥቂቱ ያሾልካል፣ አቧራና ጸጉር ይይዛል። ለረጅም ሰዓት እኔ ጨርቁን እመርጣለሁ። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ጀርባው ዝግ ሆኖ ሳለ አብዛኛው ዓይነቱ ጨርቅ ስለለበሰ ብዙ ባለሙያዎች ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት ያለምክንያት አይደለም። የትኛውንም ብትመርጡ ስፖንጁ ተነቅሎ የሚቀየርና ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ሄድፎን ዝግ ወይም ክፍት ነው። ክፍቱ ጀርባው ወንፊት ስለሆነ አየር ያልፋል፣ ጆሮ አይሞቅም፣ ድምፁም ከፊት ለፊት የሚመጣ ይመስላል። ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ኤችዲ 414 ይህን መንገድ ከፈተ። ጉዳቱ የምትሰሙትን አጠገባችሁ ያለ ሰው ሁሉ መስማቱ፣ የውጭውም ድምፅ ወደ እናንተ መግባቱ ነው። ብቻዬን ስሆን ክፍቱን፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲኖር ዝጉን አደርጋለሁ።

የውጭ ድምፅ የሚያጠፋው ኖይዝ ካንሰሊንግ የሚባለው ነገር በማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ተቀብሎ ተቃራኒውን ሞገድ ያወጣል። የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ የራሱን ንድፍ የጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ የሞተሩ ጩኸት ሙዚቃውን ስለዋጠበት ነው፤ ዛሬም ቴክኖሎጂው የሚበረታው እንደ ሞተርና እንደ ማራገቢያ ባለ የማይቋረጥ ጉርምርምታ ላይ ነው። የጎረቤት ወሬ ላይ ይደክማል። አንዳንድ ሰው ሲበራ ጆሮው የተደፈነ ያህል ግፊት ይሰማዋል፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጸጥ ባለ ክፍል አብሩት። ግፊቱ ካልተሰማችሁ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጩኸቱን ለመብለጥ ድምፅ መጨመር አያስፈልጋችሁም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚያስቀምጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። የእኔ ሥራ ብቻውን በሳምንት እስከ 35 ሰዓት ይወስዳል።

ስለ ገመድና ብሉቱዝ ብዙ አልልም። ገመዱ ተነቅሎ የሚቀየር ይሁን፤ ብሉቱዝ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ በገመድ መሥራቱን ጠይቁ። ኦም የሄድፎኑን የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው፤ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ በስልክ ለምትሰሙ 32ቱ ይበቃል፣ 250ው በስልክ ድምፁ ይደክማል።

አሁን ድምፁን ስሙ። የምታውቁትን ሰው ንግግር ክፈቱና «ሰ» እና «ሸ» የበዙባቸውን ቃላት ጠብቁ። እነዚህ ድምፆች እንደ መርፌ ከወጉ ስፖንጁ የቱንም ያህል ቢለሰልስ በሰዓት ውስጥ ትደክማላችሁ፤ ያንን ድካም ደግሞ ብዙ ሰው ከክብደቱ ይቆጥረዋል።

ከዚያ አርባ ደቂቃ ተቀመጡበት። ሱቅ ውስጥ ካልተቻለ ከወዳጅ ተዋሱ፣ ወይም መመለስ ከሚፈቅድ ሻጭ ገዝታችሁ ካርቶኑን ሳታበላሹ ቤት ውስጥ ሞክሩት፤ በመነጽራችሁ፣ በሥራ ወንበራችሁ ላይ። ስታወልቁ አናታችሁን መሃል፣ የጆሯችሁን ላይኛ ጠርዝና የመንገጭላውን መጋጠሚያ በጣት ዳስሱ፤ መስታወት ውስጥም ቅላት ፈልጉ። ከሦስቱ አንዱ ካመመ መልሱት።

የያዝኩት ሄድፎን አሁን አራተኛ ዓመቱ ነው። በየምሽቱ ስፖንጁን በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ጆሮዬ ውስጡን መንካት ሲጀምር ስፖንጁ ማለቁን አውቄ አዲስ ጥንድ እገጥማለሁ። ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።