ካንሰር የያዘውን ልጅና ቤተሰቡን ስንረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የልጆች ካንሰር ስሙ ቢያስፈራም ከአዋቂዎቹ ይልቅ ለሕክምና የሚበገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ከ100 ታማሚ ልጆች ከ80 በላይ ይድናሉ፤ በድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በታች ናቸው። ልዩነቱን ከሚያመጡት ነገሮች መካከል ዘግይቶ መድረስ፣ የመድኃኒት እጥረትና የተጀመረ ሕክምና መቋረጥ ይገኙበታል። እጥረቱን ዘመድና ጎረቤት አይፈታውም፤ በሌሎቹ ሁለት ላይ ግን እጁ አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በፍቅር የሚሠሩ ናቸው፤ ለማረም የሚከብዱትም ለዚህ ነው።

እብጠቱን ማሳሸት

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ጉልበቱ አካባቢ ሲያብጥ «ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው» ይባልና ወጌሻ ዘንድ ይወሰዳል። መውደቁ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የወለምታ እብጠት በሁለት ሳምንት ውስጥ መቀነስ እንጂ መጨመር የለበትም። እየጨመረ ከሄደ፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለው፣ ማንም ሳይነካው ራጅ ይነሣ። ዕጢ የበላው አጥንት ሲታሽ ሊሰበር ይችላል፤ ከተሰበረ ደግሞ እግሩን ሳይቆርጡ የማከሙ ዕድል ይጠባል።

ሆድም እንዲሁ ነው። እናት ሕፃኗን ስታጥብ በአንድ ጎኑ ጠንካራ እብጠት ብታገኝ፣ አክስትም ጎረቤትም «እስቲ ልዳብሰው» ማለታቸው አይቀርም። ዊልምስ የሚባለው የኩላሊት ዕጢ በስስ ሽፋን የተያዘ ነው፤ ሲጫኑት ሊፈነዳና በሆድ ውስጥ ሊረጭ ይችላል። ያኔ ቀለል ባለ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እና በቀዶ ጥገና ይድን የነበረው ልጅ ጨረርና ጠንከር ያለ መድኃኒት ያስፈልገዋል። አንድ ሐኪም አይቶ ሪፈር ከጻፈ ሌላው እጁን ይሰብስብ። በስልክ ፍላሽ በተነሣ ፎቶ ላይ የአንድ ዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየም «የካሜራው ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ሳምንት የዓይን ሐኪም ይየው።

ትኩሳቱን «እስኪ ይደር» ማለት

ከሁሉም ስህተት የሚከፋው ይህ ነው። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ሌላ ልጅ በሁለት ቀን የሚገላገለው ኢንፌክሽን ይህን ልጅ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊያስተው ይችላል። መግል አይታይም፣ ሳል ላይኖር ይችላል፤ ብቸኛው ምልክት ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዲጂታል ቴርሞሜትር ከልጁ ካርድ ጋር በአንድ ቦርሳ ይቀመጥ። በእጅ ግንባር መዳበስ ልኬት አይደለም። ቴርሞሜትሩ በደረቅ ብብት ሥር እስኪጮህ ይያዝ፤ በፊንጢጣ ፈጽሞ አይለካ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካነበበ ጉዞው ወደ ሆስፒታል ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን። ብዙዎች የሚሳሳቱት ፓራሲታሞል ሰጥተው መጠበቃቸው ላይ ነው። መድኃኒቱ ሙቀቱን ያወርደዋል፣ ኢንፌክሽኑ ግን በደም ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል፤ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱም ቴርሞሜትሩ 37 ያነብና ልጁ ወረፋ ላይ ይቀመጣል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ ደም እንዲፈስ ስለሚያደርጉ ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ አይሰጡ።

በር ላይ የሚባለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ልጁ ኬሞ ላይ ነው፣ የመጨረሻውን የወሰደው በዚህ ቀን ነው፣ ትኩሳቱ ይህን ያህል ነው።» በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ልጁ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ስለሚፈለግ «ታሟል» ብቻ ማለት ጊዜ ያባክናል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሚታከምና ቤቱ ባሌ የሆነ ልጅ በዚያ ሌሊት አዲስ አበባ አይደርስም። በመሆኑም ከመሸኘቱ በፊት ሐኪሙን በቅርብ ያለው ሆስፒታል ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጠይቁት።

«ተሽሎታል» ብሎ መተው

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምና ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ችግሩ ልጁ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ የዳነ መምሰሉ ነው፦ ይበላል፣ ይሮጣል፣ የደም ምርመራውም ንጹሕ ነው። ሆኖም በምርመራ የማይታዩ ሴሎች መቅኔ ውስጥ ይቀራሉ፤ ቀሪዎቹ ወራት በሙሉ ለእነሱ ናቸው። ባለሙያዎች ቀጠሮው 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከተዘለለ ሕክምናው ተቋርጧል ብለው ይቆጥሩታል። በሽታው ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያው መድኃኒት ያን ያህል አይበግረውም።

ወላጅ የሚያቋርጠው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ የመኝታ ኪራይ፣ አዝመራው፣ እቤት የቀሩት ልጆች ያቋርጡታል። ዘመድ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ 10,000 ብር ይልቅ በየቀጠሮው የማይቀር መሳፈሪያ ይበልጣል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው የቀጠሮ ያዥ ይሁን፤ ከሁለት ቀን በፊት ይደውል፣ ገንዘቡ በእጃቸው እንዳለ ይጠይቅ። ከክልል ለሚመጡ ማደሪያ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፦ በወላጆች የተቋቋመው ተስፋ አዲስና ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ይጠቀሳሉ። ቦታ መኖሩን ሳይነሡ በፊት በስልክ ማጣራት ነው።

የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ መስጠት

በደም ካንሰር የመጨረሻው ምዕራፍ ልጁ እቤት ሁለት ዓይነት እንክብል ይውጣል። መርካፕቶፑሪን በየቀኑ ነው፤ ሜቶትሬክሴት ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እናት ስትታመም ወይም ገበያ ስትሄድ ታላቅ እህት ወይም አያት ሁለቱንም በየቀኑ ከሰጡ፣ በሳምንት ውስጥ አፉ ይቆስላል፣ የደም ሴሎቹ ይወርዳሉ፤ ሊገድልም ይችላል። የሜቶትሬክሴቱ ከረጢት ላይ ለምሳሌ «ረቡዕ ብቻ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፤ ከዕለቱ መድኃኒት ተለይቶ በሌላ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ በተሰጠ ቁጥር ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ምልክት ይደረግ። እንክብሉን በሙቀጫ መፍጨት አይፈቀድም፤ ብናኙ የሚሰጠውን ሰው ይጎዳል። ከኬሞ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ትውከቱንና ሽንቱን የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ሌላ ሰው ይተካት።

ከቀዩ መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን) በኋላ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀላ ደም አይደለም። በተቃራኒው መድኃኒቱ በደም ሥር እየገባ ሳለ ልጁ «አቃጠለኝ» ካለ ዝም አታሰኙት፤ ከሥሩ ውጪ ፈስሶ ሥጋውን ሊያቆስል ስለሚችል ነርሷን ወዲያው ጥሩ።

በጥየቃ ማጨናነቅ

ጠያቂ መብዛቱ በእኛ ዘንድ ክብር ነው። ለዚህ ልጅ ግን እያንዳንዱ ሳል አደጋ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው በር ላይም አይምጣ፣ ይደውል። የገባ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ልጁን አይሳመው። አልጋው ሥር የሚደረደረው ለስላሳና ብስኩት ለማንም አይጠቅምም። በአንድ ሳህን ትኩስ የበሰለ ምግብ፣ የላብራቶሪ ክፍያ፣ ወይም አስታማሚዋ ሦስት ሰዓት እንድትተኛ ተራ መቀበል ይበልጣል።

ለመጠገን ተብሎ የሚመጣው ጥሬ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ ከእሱም የተሠራ እርጎና አይብ፣ ያልበሰለ እንቁላል ይቅር። ክትፎው በደንብ ይብሰል፣ ወተቱ ይፍላ፣ ፍሬው ታጥቦ ይላጥ። አፉ ከቆሰለ በርበሬና ሎሚ ትተው ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ይስጡት፤ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምተው በቀን አራት አምስት ጊዜ ይጉመጥመጥ።

ጠበልና መድኃኒት ማፎካከር

«ወይ እምነትህን ወይ ኬሞህን» ብሎ ቤተሰብን ማስመረጥ ከሁለቱም ወገን ስህተት ነው። ጠበል የሚሄድን ልጅ ሐኪም ሲቆጣው ወላጅ መደበቅ ይጀምራል፤ የተደበቀ ነገር ደግሞ አይታረምም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤች አይ ቪ ሲናገሩ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ገልጸዋል፤ የንስሐ አባትን ማስረዳት አይከብድም። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀጠሮ እንዳይዘለል፣ የሚጠጣው እንዲፈላ፣ ነጭ የደም ሴሉ በወረደበት ሳምንት በብርድና በሕዝብ መካከል እንዳይጠመቅ። የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጉበትን ከኬሞው ጋር ደርቦ ሊጎዳ ስለሚችል ቢጠጣም ለሐኪሙ ይነገር።

ልጁን መዋሸት

«መርፌ የለም» ተብሎ መጥቶ የተወጋ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚነገረውን ሁሉ አያምንም። ለትንሹ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ ሕመሙ ስም አለው፤ አንተ ያመጣኸው አይደለም፤ ለእህትህም አይተላለፍም። የ15 ዓመቷ ግን ስልክ አላት፤ እናንተ የደበቃችሁትን ቃል እሷ ካርዷ ላይ አንብባ ፈልጋለች። ከእሷ መደበቅ ብቻዋን እንድትፈራ መተው ነው።

ደምና ገንዘብ

«ደም ያስፈልጋል» ሲባል 20 ሰው በአንድ ቀን መሄዱ ያስደስታል፣ ግን ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው። ዝርዝር ያዙና በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሰው ላኩ፤ አንድ ሰው እንደገና ለመስጠት 3 ወር መጠበቅ አለበት።

ውጭ አገር ለማሳከም ቤት ከመሸጥ በፊት እዚህ የሚያክመውን ሐኪም «ይህ ሕክምና አገር ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ አለ። ገንዘብ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲሰበሰብም ፀጉሩ የረገፈ ልጅ ፊት ሳይታይ መለመን ይቻላል፤ ቪዲዮው ልጁ ድኖ ትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍል ውስጥ ይጠብቀዋል።

ክትባትን መርሳት

በሕክምና ላይ ያለ ልጅ እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶችን አይወስድም። ኩፍኝ ወይም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከያዘው ልጅ ጋር ከዋለ፣ ምንም ባይታይበት እንኳ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር፤ መከላከያው የሚሠራው ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ነው። የፖሊዮ ዘመቻ ቤት ለቤት ሲመጣም እናት ለጤና ባለሙያዋ «እቤት ኬሞ የሚወስድ ልጅ አለ» ትበል። ወንድሙ የሚወስደው የአፍ ጠብታ በዓይነ ምድር ለሳምንታት ስለሚወጣ፣ ለወንድሙ በመርፌ የሚሰጠው ይመረጣል።