የቢራ ወርትን በድሪል እንዴት እናማስላለን፣ አየርስ እንዴት እንሰጠዋለን?

ቤት ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ ሰው፣ እርሾ ከመጨመሩ በፊት ወርቱ (ገና ቢራ ያልሆነው የብቅል ጭማቂ) አየር እንዲያገኝ ባልዲ መነቅነቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃል። 19 ሊትር ወርት ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። እሱን አቅፎ ለአምስት ደቂቃ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ የወገብ ጠላት ነው። እኔም ሲታክተኝ አንድ ቀን ትቼው፣ ያለምንም ንቅናቄ እርሾውን ጨምሬ ከደንኩት። ያውም ጠንካራ ጥቁር ቢራ ነበር። እርሾው መንገድ ላይ ቆመ፤ ቢራው እንደ ሽሮፕ ጣፋጭ ሆኖ ቀረ። ያን ሁሉ ብቅልና ያን ሁሉ ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድሪል ላይ የሚገጠም ማማሰያ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለጀማሪዎች፣ ወርት ማለት ከብቅል የወጣው ጣፋጭ ጭማቂ ነው። ጠላ ላይ መራራውን ጣዕም ጌሾ እንደሚሰጠው፣ እዚህ ደግሞ ሆፕ የሚባለው ተክል አበባ ይሰጠዋል። ከሆፑ ጋር ወደ አንድ ሰዓት ያህል እሳት ላይ ይፈላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ እርሾ ይገባበታል።

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ወርቱ ሲፈላ በውስጡ የነበረው ኦክስጅን ተሟጦ ይወጣል። እርሾ ደግሞ ሥራውን ሲጀምር ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ስቴሮል የሚባለውን ቅባት መሰል ነገር የሚሠራው በእሱ ነው፣ ስቴሮሉ ደግሞ የእርሾውን ሴል ሽፋን ያጠነክራል። ሽፋኑ ከሳሳ እርሾው እንደልብ አይራባም፣ አልኮሉ እየበዛ ሲሄድም አቅም ያጣል። ለተለመደ ቢራ በሊትር ከ8 እስከ 10 ሚሊግራም ኦክስጅን ይመከራል። ክፍል ውስጥ ባለው አየር ብቻ የሚደረስበት ጣሪያ ወደ 8 ገደማ ነው። ድሪል እዚያ ድረስ ያደርሳችኋል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ በጣም ጠንካራ ቢራ ስትጠምቁ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ ድሪሉን አንድ ሰዓት ብታዞሩት ጣሪያውን አያልፍም።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። በፓኬት የሚሸጠውን ደረቅ እርሾ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠቀሙ ከሆነ አየር መስጠት ያን ያህል ግዴታ አይደለም። ፋብሪካው ሲያመርተው በቂ ስቴሮል አስቋጥሮታል። ፈሳሽ እርሾ ወይም ካለፈው ጥምቀት የተረፈ እርሾ ከሆነ ግን አየሩን አትዝለሉት።

ምን ልግዛ?

ድሪሉ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። የኤሌክትሪክ ገመድና በፈሳሽ የተሞላ ባልዲ አንድ ቦታ ባይገናኙ ይሻላል። ትልቅ ጉልበት አያስፈልገውም፤ ተራው የቤት ድሪል ይበቃል። ፍጥነቱን በጣት ቀስ እያላችሁ መጨመር የምትችሉበት፣ ወደ ኋላም የሚዞር መሆኑን ግን እዩ።

ማማሰያው ላይ አትሳሱ። ቀለምና ሲሚንቶ መቀላቀያውን ለቢራ አትጠቀሙ፣ አዲስም ቢሆን። አብዛኛው በዚንክ ወይም በሌላ ነገር የተለበጠ ተራ ብረት ነው። ወርት ደግሞ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ልባጩን እየበላ ወደ ቢራችሁ ያስገባዋል። የጠመቃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንጉ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጫፉ ላይ የሚታጠፉ ክንፎች ያሉት ማማሰያ አላቸው። ክንፎቹ ሲታጠፉ በጠባብ አንገት ይገባል፣ ሲሽከረከር ይዘረጋሉ። ዘንጉ ባልዲው ታች ሲደርስ ድሪሉ ከባልዲው አፍ ቢያንስ አንድ ጋት ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። ከድሪል አፍ አቧራና ግራሶ ሊረግፍ ስለሚችል ወደ ወርቱ ባይጠጋ ጥሩ ነው።

በመስታወት ጠርሙስ ለምትጠምቁ ሰዎች ምክሬ ይህን ሥራ በፕላስቲክ ባልዲ እንድትሠሩ ነው። በፍጥነት የሚዞር ብረት መስታወት ከነካ፣ ከ20 ሊትር ፈሳሽ ጋር የሚፈርስ ጠርሙስ እግር ሥር ማንም አይፈልግም።

ወደ ሥራው

መጀመሪያ ወርቱ ይቀዝቅዝ። ለተለመደው ኤል ቢራ (ሞቅ ባለ ቦታ ለሚብላላው ዓይነት) ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። ከ27 በላይ ሆኖ አየር መስጠት አይመከርም፤ ትኩስ ወርት ኦክስጅኑን በደንብ አይዝም፣ ጣዕሙንም ሊያበላሽ ይችላል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፣ ስለዚህ ትዕግስት እዚህ ይከፍላል።

እየቀዘቀዘ ሳለ ማማሰያውን አዘጋጁ። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ ከዚያ ሳኒታይዘር ውስጥ ንከሩት። የእጅ ጄሉን ማለቴ አይደለም፤ ለምግብ ዕቃ የሚሆነውን ነው። እኔ ስታር ሳን እጠቀማለሁ፦ ለ5 ጋሎን ውሃ 1 አውንስ፣ ማለትም በሊትር ወደ 1.5 ሚሊሊትር። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፣ በውሃ ማለቅለቅም አያስፈልግም። ክንፎቹ የሚታጠፉበትን መገጣጠሚያ ከፈት ዘጋ እያደረጋችሁ ፈሳሹ እንዲገባበት አድርጉ። ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው። የዘንጉንም ግማሽ ብቻ ሳይሆን ወርቱ የሚደርስበትን ሁሉ ንከሩ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ዘዴ ትልቁ አደጋ ድሪሉ ሳይሆን በደንብ ያልጸዳ ማማሰያ ነው። የቀዘቀዘ ወርት ለባክቴሪያ ድግስ ነው።

ባልዲው ላይ ክፍት ቦታ ተዉ። 19 ሊትር ወርት 25 ወይም 30 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ ይሁን፣ አረፋው ይነሳልና። ባልዲውን መሬት ላይ፣ ፎጣ ላይ አስቀምጡ። እጅጌያችሁን ሰብስቡ፤ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ፀጉር ከሚሽከረከር ዘንግ አጠገብ አይኑር።

አሁን ማማሰያውን ድሪሉ ቆሞ ሳለ ወደ ወርቱ አስገቡ። አስነስታችሁ ማስገባት የለም፤ ግድግዳው ሁሉ ቢራ ይሆናል። ከታች ጥቂት ጣት ከፍ አድርጋችሁ በዝግታ ጀምሩ። ወርቱን ከተዘጋጀ የብቅል ዱቄት ወይም ሽሮፕ ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ ውሃ የጨመራችሁ ከሆነ ይህ ዝግ ያለ ማማሰል በጣም ያስፈልጋችኋል። ወፍራሙ ወርት ታች ይተኛል፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ የስኳሩን መጠን የሚለካው ሃይድሮሜትርም ይዋሻል። አንድ ደቂቃ በዝግታ አማስሉና አቁሙ፣ ናሙና ቅዱ፣ ለኩ፣ ጻፉት። አረፋ ከተነሳ በኋላ መለካት ያስቸግራል።

ከዚያ ፍጥነቱን ጨምሩ። ዘንጉ ባልዲው መሃል ላይ ይሁን፤ ወርቱ እንደ አዙሪት ጎድጉዶ ወደ ታች ይወርዳል። ማማሰያውን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ የአዙሪቱ ጫፍ ክንፎቹን እስኪነካ። ድምፁ ይለወጣል፤ መጉረምረም ሲጀምር አየር እየዋጠ ነው ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ግን ከወርቱ አታውጡት። በየ30 ሰከንዱ አቁሙና በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩት። ወርቱ ከማማሰያው ጋር አብሮ መዞር ከጀመረ አየር መግባቱ ይቀንሳል፣ አቅጣጫ መቀየሩ ያንን ይሰብረዋል። እኔ ለተለመደ ቢራ ሦስት ደቂቃ፣ ለጠንካራው አምስት ደቂቃ ያህል እሰጣለሁ። አረፋው አፍ ድረስ ከመጣ አቁሙ፣ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ቀጥሉ።

ሲያበቃ ድሪሉን አቁማችሁ አውጡ፣ እርሾውን ወዲያው ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ።

ከዚህ በኋላ ማማሰያው ወደዚያ ቢራ አይመለስም። እርሾው መብላላት ከጀመረ በኋላ የሚገባ አየር ቢራውን ያስረጀዋል፣ እርጥብ ካርቶን የመሰለ ጣዕም ይሰጠዋል። ያው ኦክስጅን መጀመሪያ ላይ ምግብ ነው፣ በኋላ መርዝ ነው።

ጠጅስ?

ጠጅ ለምትጥሉ ሰዎችም ይሄ ዕቃ ወርቅ ነው። ማር ታች ይተኛል፣ በእጅ ማማሰሉ ክንድ ይጨርሳል፤ በድሪል በሁለት ሦስት ደቂቃ ይሟሟል፣ አየሩንም አብሮ ያገኛል። ጥንቃቄ የሚፈልገው መብላላት ከጀመረ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዙን ለማስወጣት ማማሰል ይቻላል፣ ግን በጣም በዝግታ ጀምሩ። በውስጡ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንዴ ከተነሳ ጠጁ ከነአረፋው ከባልዲው ይወጣል። ከስኳሩ ሲሶ ያህሉ ካለቀ በኋላ ግን ተዉት።

ማማሰያውን ደግሞ እዚያው እጠቡት። ወርት ከደረቀ እንደ ሙጫ ነው፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ አይለቅም። ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ በድሪሉ አዙሩት፣ ራሱን በራሱ ያጥባል። ከዚያ ክንፎቹን ከፍታችሁ ስቀሉት፣ ሳይደርቅ መሳቢያ ውስጥ አታስገቡት።