አንድ ቢራ፣ ሁለት አገር፦ ልዩነቱን በትክክል ቀምሶ ለመለየት

የአዲስ አበባው ጊዮርጊስ ዋሽንግተን ሲደርስ ጣዕሙ ይለወጣል፣ የአየርላንዱ ጥቁር ቢራ፣ የደብሊኑ ጊነስ፣ ሌላ አገር ከሚቀዳው ጋር አይገናኝም የሚል ክርክር ቢራ በቀረበበት ጠረጴዛ ሁሉ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ተጠያቂ የሚሆነው ውሃው ነው። ድሮ ይህ እውነት ነበር፤ በ1842 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቼክ በምትገኘው ፒልዘን ከተማ የተጠመቀው ነጣ ያለ ቢራ ያማረለት የከተማዋ ውሃ ማዕድኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። ዛሬ ግን ትልልቅ ፋብሪካዎች ውሃውን አጣርተው፣ ማዕድኑን ቀንሰውና ጨምረው ለቢራው እንዲስማማ ያደርጉታል። ስለዚህ ውሃ መጨረሻ ላይ የሚመረመር ነው። ከእሱ በፊት የቢራው ዕድሜ፣ ያገኘው ሙቀት፣ የነካው ብርሃንና የቀረበበት ሁኔታ መታየት አለባቸው። እነዚህን ሳያስተካክሉ ሁለት አገር ማወዳደር አይቻልም።

ስሙ አንድ ሆኖ ቢራው ሌላ ሲሆን

መጀመሪያ የሚወዳደሩት ሁለቱ ጠርሙሶች በእርግጥ አንድ ዓይነት ቢራ መያዛቸውን ያረጋግጡ። ጊነስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደብሊን ውስጥ በብርጭቆ የሚቀዳው ድራፍት አልኮሉ 4.2 በመቶ ሲሆን ናይትሮጂን የተቀላቀለበት ጋዝ ስለሚጠቀም አረፋው እንደ ክሬም ይወፍራል። አሜሪካ ውስጥ በጠርሙስ የሚሸጠው ኤክስትራ ስታውት (ስታውት ማለት ጥቁር ቢራ ነው) 5.6 በመቶ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚጠጣው ፎሪን ኤክስትራ ስታውት ደግሞ 7.5 በመቶ ይደርሳል። «የአሜሪካው ጊነስ ከደብሊኑ ይከብዳል» የሚል ሰው ምላሱ አላታለለውም፤ የቀመሰው ግን ሁለት የተለያየ ቢራ ነው።

በእንግሊዝ የሄኒከንም ታሪክ እንዲሁ ነው። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያ በፈቃድ እየተጠመቀ የሚሸጠው 3.4 በመቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 5 በመቶ የሆነው ገባ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን የነበረ ሰው የሚያስታውሰው ቀጭን ሄኒከን ዛሬ በገበያ ላይ የለም።

ስለዚህ መለያው ላይ አራት ነገር ያንብቡ፦ የአልኮል መጠን፣ የተጠመቀበት ቦታ፣ የእህሉ ዝርዝርና ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ መሆኑን። የአልኮሉ ልዩነት ከ0.5 በመቶ ካለፈ ሌላ ጥንድ ይፈልጉ። የተጠመቀበትን ቦታ ሲያዩ በምርት ስሙ አይመሩ፤ ስቴላ አርቷ የቤልጅየም ስም ቢሆንም ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርበው ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአብዛኛው እዚያው አሜሪካ ይጠመቃል። ከእህሉ ዝርዝር የሚፈለገው የገብስ ብቅል ብቻ መሆኑ ወይም በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማሽላ ወይም ስኳር የተጨመረበት መሆኑ ነው። አገር ለአገር የሚታየው እውነተኛ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ መስመር ላይ ነው።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ጥንድ በናይጄሪያና በደብሊን የተጠመቁት ሁለቱ የጊነስ ፎሪን ኤክስትራ ስታውቶች ናቸው። ሁለቱም 7.5 በመቶ፣ ሁለቱም በጠርሙስ ናቸው። ናይጄሪያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገብስ ከውጭ እንዳይገባ ስትከለክል ጠማቂዎቹ ወደ ማሽላና በቆሎ ዞሩ፤ የማሽላው ልማድም ጸንቶ ቆየ። ጥቁሩን መልክና የተቆላ ገብስ ጣዕሙን የሚሰጠው ግን ከደብሊን የሚላክ ጭማቂ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሁለቱም ስለሚሸጡ፣ በተለይ ናይጄሪያዊው በአፍሪካውያን ሱቆች ስለሚገኝ፣ ሻንጣ ሳይሸከሙ ማወዳደር ይቻላል።

ቀን፣ ሙቀትና ብርሃን

ቢራ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ያረጃል። ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምት አለ፦ ቢራ በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 3 ቀን ቢቀመጥ በ22 ዲግሪ 30 ቀን፣ በ3 ዲግሪ ደግሞ 300 ቀን የተቀመጠውን ያህል ያረጃል። ከኢትዮጵያ በባሕር የሚላክ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ እንደሚወጣና የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ ያስቡ። ዋሽንግተን መደርደሪያ ላይ የተገኘ ጊዮርጊስ ቀኑ ባያልፍም ሙቀቱን ጠጥቶ መጥቷል። ያረጀ ቢራ እርጥብ ካርቶን ይሸታል፣ ምሬቱ ይደበዝዛል፣ ማር ማር የሚል ጣፋጭነት ይመጣበታል። ይህን «የውጭ ገበያው አሠራሩ ሌላ ነው» ብሎ መተርጎም ከስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ቀኑን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። በአሜሪካ አጻጻፍ 05/08 ሜይ 8 ሲሆን፣ በአውሮፓ አጻጻፍ ግን ኦገስት 5 ነው። አንዳንዱ የምርት ቀን ያትማል፣ ሌላው ማብቂያውን ብቻ። ማብቂያው ብቻ ካለ ወደ ኋላ ለመቁጠር ቢራው ስንት ወር እንደሚፈቀድለት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይለያያል። በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ከአንድ ወር የበለጠ የዕድሜ ልዩነት ባይኖር ጥሩ ነው። ማግኘት ካልተቻለ አሮጌው ከፍሪጅ የወጣ፣ አዲሱም እንደዚያው ይሁን፤ ልዩነቱንም በማስታወሻው ራስጌ ላይ ይጻፉ።

የብርሃኑን ጉዳይ በዓይን፣ ይልቁንም በአፍንጫ፣ ማየት ቀላል ነው። ከአንድ ሳጥን ሁለት አረንጓዴ ጠርሙስ ይውሰዱ። አንዱን በቀጥታ ፀሐይ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያቁሙት፤ ሌላውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው አጠገቡ ያስቀምጡት፤ ሙቀታቸው ይቀራረባል። ሁለቱንም ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘው ሲከፍቱ ፀሐይ የነካው የሚከረፋ፣ ወደ ድኝና ወደ ተቃጠለ ጎማ የሚጠጋ ሽታ ያወጣል። ምክንያቱ ሆፕስ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) ውስጥ ያለው መራራ ንጥረ ነገር በብርሃን ተሰብሮ ከድኝ ውህድ ጋር ስለሚገናኝ ነው፤ የተፈጠረው ነገር እጅግ በትንሽ መጠን ይሸታል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በደንብ ይከላከላል፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ አይከላከሉም፣ ቆርቆሮ ጨርሶ አያስገባም። «የሄኒከን ሽታ» ብለው የሚወዱት ሰዎች ብዙ ጊዜ የለመዱት ይህንን ነው። ለውድድር ሲገዙ ከመስኮት አጠገብ ወይም ከአምፖል ሥር ካለ መደርደሪያ አይውሰዱ፤ ካልተከፈተ ካርቶን እንዲያወጡልዎት ይጠይቁ።

ይዞ መጓዝ

አልኮሉ ከ24 በመቶ በታች የሆነ መጠጥ በተመዝጋቢ ሻንጣ ለመጫን የአውሮፕላን ደህንነት ደንብ መጠን አይወስንበትም፤ የሚገድበው ጉምሩክ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ተነስቶ ወደ ኅብረቱ ለሚገባ ሰው ከቀረጥ ነፃ የሚፈቀደው 16 ሊትር ቢራ ነው፣ ዕድሜው ከ17 ዓመት ማነስ የለበትም። አሜሪካ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 1 ሊትር የአልኮል መጠጥ ያለ ቀረጥ ያሳልፋል፤ ይዘው የመጡትን ሁሉ ግን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኩዌት ቢራ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በትራንዚት ሻንጣ አውጥተው መልሰው የሚያስገቡ ከሆነም ያው ነው።

ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልለው ሻንጣው መሃል ያድርጉት፣ ቆርኪው ላይ ፕላስቲክ ይሰሩበት። ከደረሱ በኋላ ሁለቱንም ናሙና በአንድ ፍሪጅ፣ በአንድ መደርደሪያ፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ተናውጦ የመጣ ቢራ ወዲያው ከተከፈተ በአረፋ ጋዙን ያጣል፤ ያኔ ከሌላው የሚለየው በጋዝ ብቻ ይሆናል።

የቅምሻው ዝግጅት

ሁለቱ ቢራዎች ይለያያሉ ወይስ አይለያዩም የሚለው ጥያቄ «የቱ ይጥማል?» ከሚለው መቅደም አለበት። ለዚህ የሚሻለው የሦስት ብርጭቆ ፈተና ነው። ለአንድ ቀማሽ ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ቢራ፣ አንዱ ሌላ። ሥራው ልዩ የሆነውን ማውጣት ብቻ ነው።

ስድስት ቀማሾች ቢኖሩ ቢራዎቹን ሀ እና ለ ብለው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቅደም ተከተል ይስጡ፦ ሀሀለ፣ ሀለሀ፣ ለሀሀ፣ ለለሀ፣ ለሀለ፣ ሀለለ። በዚህ ድልድል 18 ብርጭቆ ይሞላል፤ ከእያንዳንዱ ቢራ ዘጠኝ። በየብርጭቆው 60 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ ከአንዱ ቢራ 540 ሚሊ ሊትር ይፈጃል፤ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ሁለት ጠርሙስ ይበቃል፣ የተረፈው የጠርሙሱ ሥር ነው፣ እሱን አይቅዱ። ብርጭቆዎቹ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለው አይጻፉ፤ ሰው ሳያውቀው 1ን ያስበልጣል። እንደ 417፣ 286፣ 953 ያለ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይለጥፉ። የቀዳው ሰው ቁልፉን ይዞ ከክፍሉ ይውጣ፤ ፊቱ ሳይናገር ይናገራል።

ቀለማቸው ከተለያየ ጥቁር ጽዋ ይጠቀሙ ወይም መብራቱን ያደብዝዙ። ብርጭቆው በሳሙና ታጥቦ በብዙ ውሃ የተለቀለቀና በራሱ የደረቀ ይሁን፤ የፎጣ ቅባት አረፋን ይገድላል። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ቢራው በቀነሰ ቁጥር አረፋው ቀለበት እየተወ ይወርዳል።

ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይለኩ። ላገር (የተለመደው ነጣ ያለ ቢራ) 7 ዲግሪ፣ ጠንካራ ስታውት ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ላይ ይቀመስ። በረዶ የመሰለ ቢራ ጥሩውንም መጥፎውንም ይደብቃል፤ ስህተት ለመሸፈን የሚፈልግ ቤት ቢራውን ከመጠን በላይ የሚያቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ከ4 ዲግሪ ፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ሙቀቱ ወዳለበት ክፍል ሲገባ ሁለት ሦስት ዲግሪ ለመጨመር ብዙ አይቆይም፤ ብርጭቆው ራሱም ያሞቀዋል።

ከቅምሻው አንድ ሰዓት በፊት ቡና፣ በርበሬ፣ ሲጋራና ሽቶ የለም። ዕጣን በተጨሰበት ክፍል ደግሞ ጨርሶ አይሞክሩ። ለአፍ ማጽጃ ጥቁር አዝሙድ የሌለበት ነጭ ዳቦና የክፍል ሙቀት ያለው ውሃ ይቅረብ፤ እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ አይሆንም።

አቀማመሱ

ሽታው ቀድሞ ይመጣል፣ ቀድሞም ይጠፋል። እንደቀረበ ሦስት አጭር ማሽተት፣ ከዚያ ማረፍ። ቀጥሎ አንድ ጉንጭ ይውሰዱ፣ አፍ ውስጥ ያዙሩት፣ ይዋጡት። ቢራ እንደ ወይን ተፍቶ አይገመገምም፤ ምሬቱ በደንብ የሚታወቀው ከተዋጠ በኋላ ነው። ሃያ ሰከንድ ጠብቀው ምሬቱ ቆየ ወይስ ተቆረጠ የሚለውን ይጻፉ። በናይጄሪያና በደብሊን ስታውት ላይ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ጣፋጭነቱ መሃል ላይ ነው መጨረሻ ላይ? የተቆላው ጣዕም ቡና ይመስላል ወይስ ቸኮሌት? አፍ ውስጥ ይወፍራል ወይስ ይሳሳል?

ቅቤ ወይም ፋንዲሻ ከሸተተ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቀድቷል፣ ወይም የድራፍቱ መስመር ቆሽሿል። የተቀቀለ በቆሎ ከብቅሉ ይመጣል፣ ትንሽ ሲሆን በላገር ላይ ጥፋት አይደለም። ያልበሰለ ፖም ቢራው ሳይበስል መውጣቱን ያሳያል። እነዚህ የአንድ ጠመቃ ጉድለት ሊሆኑ ስለሚችሉ ከሌላ የምርት ቀን ሌላ ጠርሙስ ሳይከፍቱ በአገር ላይ አይፍረዱ።

ከስድስት ሰው አምስቱ ልዩውን ካወጡ ቢራዎቹ ይለያያሉ። በግምት ብቻ ሁለት ሰው ያገኘዋል ተብሎ ይጠበቃል፤ አራትም ቢያገኙ ከአሥር አንዴ ያህል በዕድል ይሆናል። በአሥራ ሁለት ቀማሾች የሚፈለገው ስምንት ነው። ካልደረሰ «የቱ ይሻላል» የሚለው ክርክር መነሻ የለውም። ከደረሰ የወደዱትን ይጠይቁ፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን በትክክል የለየው ሰው ብቻ ነው። በአንድ ምሽት ከሁለት ዙር አይለፉ፤ ሁለት ዙር ለአንድ ሰው 360 ሚሊ ሊትር ነው፣ በ7.5 በመቶ ቢራ ይህ ምላስንም መንዳትንም ይነካል።

ከፍታና ድራፍት

አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጋዙ ከብርጭቆ ቶሎ ይወጣል፣ አረፋው ይበዛል፣ ቢራውም ቶሎ ይተኛል። አንድ ጠርሙስ ተመሳሳይ ቢሆን እንኳ አዲስ አበባና ዱባይ ላይ ሲከፈት አንድ አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱ ናሙናዎች አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት መከፈት አለባቸው፤ ባለፈው ወር ሌላ ከተማ የተቀመሰውን በትዝታ ማወዳደር ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ሲቀምሱ አንድ ሁለት ዲግሪ ቀዝቀዝ አድርገው በዝግታ ይቅዱ፤ ብርጭቆውን 45 ዲግሪ አዘንብለው ግድግዳው ላይ፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ አድርገው።

ድራፍት ከአገር ወደ አገር ጎን ለጎን ሊቀመስ አይችልም። የሚቻለው በየቦታው ተመሳሳይ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ በርሜሉ መቼ ተከፈተ፣ መስመሩ መቼ ታጠበ፣ የሚገፋው ጋዝ ምንድን ነው። መስመር በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት። በርሜሉ ከተከፈተ ብዙ ቀን የሆነበት ግሮሰሪ ውስጥ፣ ወይም የዕለቱ የመጀመሪያ ጃምቦ ላይ፣ አይፍረዱ፤ ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ ያደረው ቢራ መጀመሪያ ይወጣል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሲቀዳ ያዙና ያንኑ በሌላው ከተማም ይድገሙት።